«አወቁኝ?» ማለቱን ብንተወውስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንዴት ሰነበታችሁ። በጤና አምዳችሁ ስለ መርሳት በሽታ ያወጣችሁትን ጽሁፍ አንብቤዋለሁ፣ እኔ ብቻ አይደለሁም እኛ ሰፈር ጋዜጣው እስኪበጣጠስ ነው ከቤት ቤት የዞረው፣ እድሜያቸው የገፋ ሰዎች የበዙበት ሰፈር ስለሆነ የማይመለከተው ቤት የለም ማለት ይቻላል። መርሳት የእርግማን ወይ የመንፈስ ነገር ሳይሆን የአንጎል በሽታ ነው ብላችሁ በግልጽ መጻፋችሁ ተመችቶኛል። ቅሬታዬ መጨረሻው ላይ «ምን እናድርግ» የሚለው ጋ ነው። ሱዶኩ ይሙሉ፣ መስቀለኛ ቃላት ይስሩ፣ ስልክዎ ላይ የአእምሮ ጌም ይጫኑ ብላችሁ ዘጋችሁት። እስኪ በሞቴ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ሰማንያ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው፣ ፊደል በመሰረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ የቆጠሩ ሰው ሱዶኩ ምን ሊያደርግላቸው ነው?

ይሄን የምለው ጌም ስለምጠላ አይደለም። አንድ ጌም ላይ ሲለማመዱ የሚጎብዙት በዋናነት በዛው ጌም ላይ ነው፣ ጉብዝናው ወደ ኑሮ፣ ማለትም ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ ወደ ማስታወስ፣ የተጣደ ወጥ ወደ አለመርሳት ብዙም እንደማይሻገር በተደጋጋሚ ታይቷል። ያውም ጤነኛ ሰዎች ላይ። መርሳት የጀመረው ሰው ላይ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፣ ጌሙ ነጥብ ይቆጥራል፣ ቀይ ምልክት ያወጣል፣ «ተሳስተዋል እንደገና ይሞክሩ» ይላል፣ ሰውየው ግን መሳሳቱን ካንተ በፊት አውቆታል እኮ፣ ለዛ ነው ስልኩን ወዲያ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ የሚያዞረው።

እኔ ቤት ያለውን ልንገራችሁ። አባየ የአሰብ ሹፌር ነበሩ፣ መስመሩ እስኪዘጋ ድረስ በኤንትሬ የጭነት መኪና ከነተሳቢው ሲመላለሱ ነው እድሜያቸው ያለቀው። አሁን ጠዋት ምን በሉ ብትሏቸው አያውቁትም፣ መብላታቸውንም አያውቁም፣ አንዳንዴ እኔን በእህታቸው ስም ነው የሚጠሩኝ። ግን አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ «በሌሊት ከኮምቦልቻ ተነሳን፣ ባቲ ላይ ሻይ ጠጣን፣ ከዛ…» ብላችሁ ዝም በሏቸው፣ የቀረውን የሚነዱት እሳቸው ናቸው። ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሰርዶ፣ ዲቾቶ፣ ኤሊዳር፣ ማንዳ፣ ቡሬ፣ አሰብ። ዝም ብሎ ስም መጥራት እንዳይመስላችሁ፣ ሁለት እጃቸው አየር ላይ መሪ ይይዛል፣ ቀኙ ወርዶ ማርሽ ይቀይራል፣ ቁልቁለት ሲመጣ እግራቸው ወለሉን ይረግጣል፣ ሚሌ ሲደርሱ ሙቀቱ ይመጣባቸዋል መሰለኝ ጋቢያቸውን አውልቀው ያስቀምጡታል። አንዴ ረዳቱን መሳደብ ጀምረው ቤቱ በሳቅ ሞተ። ከዛ በኋላ ያለው ግማሽ ሰአት፣ ምሳ ሲበሉ፣ ሰላት ሲሰግዱ፣ ሌላ ሰው ናቸው፣ አረፍተ ነገር ጀምረው ይጨርሳሉ።

ይሄ ተአምር አይደለም። አልዛይመር፣ ዋናው የመርሳት በሽታ አይነት፣ መጀመሪያ ከሚያጠቃቸው የአንጎል ክፍሎች አንዱ ሂፖካምፐስ የሚባለው ነው፣ ስራው አዲስ ነገር መመዝገብ ነው፣ ስለዚህ የዛሬ ጠዋቱ ቁርስ ሳይመዘገብ ያልፋል፣ የድሮው መንገድ ግን ቀድሞ ተቀምጧል። እጅና እግር ለምደው የያዙት ደግሞ፣ መንዳት፣ ፈትል መፍተል፣ ውዱእ ማድረግ፣ ቡና መቁላት፣ በሌላ የአንጎል መንገድ ስለሚሄድ ብዙ ጊዜ ቆይቶ ነው የሚነካው። ታዲያ ልምምድ የሚባለው ነገር የፈረሰው በር ላይ ቆሞ ከማንኳኳት ክፍት የቀረውን በር ፈልጎ በዛ ቢገባ አይሻልም?

የአክስቴ ልጅ ጀርመን አገር የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው የምትሰራው፣ በኢሞ ስናወራ የአባየን ነገር ስነግራት «እኛ ጋ እኮ ይሄ ስራ ነው፣ ሰርተፊኬት አለው» አለችኝ። እዛ ሁለንተናዊ የማስታወስ ልምምድ የሚሉት ነገር አለ። ሁለንተናዊ የተባለው ጭንቅላትን ለብቻው ነጥሎ ስለማይፈትን ነው። ማሰብ፣ ቃል መፈለግ፣ ማሽተት፣ መዳሰስ፣ መንቀሳቀስ፣ መሳቅ፣ ከሰው ጋ መሆን አንድ ላይ ይሄዳሉ፣ ሰአት የሚይዝ የለም፣ ነጥብ የሚሰጥ የለም፣ ማንም አይወድቅም። ኤርላንገን በምትባል ከተማ ዎልፍ ኦስቫልድ የሚባሉ የስነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 በጀመሩት ጥናት እድሜያቸው ከ75 በላይ የሆኑ ሰዎችን ከፋፍለው አንዱን ቡድን የማስታወስ ልምምድ ብቻ፣ አንዱን እንቅስቃሴ ብቻ፣ አንዱን ሁለቱንም አንድ ላይ ሲያሰሯቸው የተሻለ ውጤት ያገኙት ሁለቱን አንድ ላይ የሰሩት ናቸው። ፊንላንድ ደግሞ ገና ሳይታመሙ ስጋት ያለባቸውን ከ60 እስከ 77 አመት የሆናቸው 1260 ሰዎች ይዘው ለ2 አመት አመጋገብ፣ ስፖርት፣ የአእምሮ ልምምድ፣ የደም ግፊትና የስኳር ክትትል በአንድ ላይ የሰጧቸው ተራ የጤና ምክር ብቻ ካገኙት የተሻለ የአእምሮ ፈተና ውጤት ነበራቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ነው የታተመው።

አውሮፓ ነው፣ ገንዘብ አላቸው፣ እኛን አይመለከትም የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እሺ ታንዛኒያስ? ለንደን ውስጥ ኤሚ ስፔክተር የምትባል ተመራማሪና ጓደኞቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ኮግኒቲቭ ስቲሙሌሽን ቴራፒ (አእምሮን የማነቃቃት ህክምና እንደማለት) የሚባል አለ፣ ቀለል ያለና መካከለኛ ደረጃ ላይ ያሉ ታማሚዎች በትንንሽ ቡድን በሳምንት 2 ጊዜ ለ7 ሳምንት፣ በድምሩ 14 ጊዜ እየተገናኙ በወሬ፣ በጨዋታ፣ በሙዚቃ፣ በምግብ፣ በድሮ ነገር ላይ የሚሰሩት ነው። ይሄንኑ ወስደው ኪሊማንጃሮ ስር ሃይ ወረዳ፣ አብዛኛው ሽማግሌ ገበሬ በሆነበት ቦታ፣ ማንበብ ለማይችል ሰው እንዲሆን አስተካክለው ሰርተውበታል። ናይጄሪያም ሞክረውታል። ፎቅ አልሰሩበትም፣ ማሽን አላስገቡበትም።

እኛ ሰፈርም እንዲሁ በቡና ተጀመረ። ማንም «ፕሮግራም» አላለውም፣ ጎረቤቶች የየቤታችንን ሽማግሌና አሮጊት ይዘን አንድ ግቢ መሰብሰብ ነው። ቡናው ራሱ ግማሹን ስራ ይሰራል፣ ሽታው ሲመጣ ማንም ሳይነግራቸው ቀና ይላሉ፣ አቦል ቶና በረካ እስኪል ጊዜው በቂ ነው፣ የሚቸኩል የለም። ሁሌ አጀማመራችን አንድ አይነት ነው፣ አንድ ሰው ጮክ ብሎ «ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ሰኔ ገብቷል፣ ዝናቡም አልጠፋ» ይላል፣ ልብ በሉ ይናገራል እንጂ «ዛሬ ምን ቀን ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ከዛ ከሻርፕ የተጠቀለለች ኳስ እንወራወራለን፣ ኳሷ የደረሰችው ሰው ሰኞ ገበያ ወይ ባቲ ገበያ ላይ የሚሸጥ አንድ ነገር ይጠራል፣ ማሽላ፣ ግመል፣ አሞሌ ጨው፣ ማር፣ ቀጥሎ ለሌላው ይወረውራል፣ ሁለት ሰው አንድ ነገር ቢጠራም ምንም አይባልም። በጨርቅ ከረጢት ውስጥ ጤና አዳም፣ ኮረሪማ፣ ጦስኝ፣ አሪቲ እናደርግና እያሸተቱ ይለያሉ። ስሙ ካልመጣላቸው «ለምን ነበር የምንጠቀምበት?» ስንል ስሙ በዛ በኩል ዞሮ ይመጣል፣ ባይመጣም ወሬው መጥቷል፣ የምንፈልገው ወሬውን ነው።

ጎረቤታችን አንድ እናት አሉ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሰርተው ጡረታ የወጡ፣ ከሁላችንም በላይ ዝምተኛዋ እሳቸው ነበሩ፣ ልጃቸው «እማየ ካወራች ቆየች» ብላ ነው ያመጣቻቸው። አንድ ቀን ቁርጥራጭ ጨርቅ በሰሃን አድርገን አዞርን። እሳቸው ጋ ሲደርስ አንዷን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል አሸት አሸት አደረጓት፣ ወደ ብርሃን አነሷት፣ ጫፏን መዘዙ፣ ከዛ «ይሄ ጥጡ ጥሩ ነው፣ ሽመናው ነው የላላ፣ ማነው ተረኛው?» አሉ። ማነው ተረኛው! ልጅቷ አለቀሰች። ከዛ ቀን ወዲህ ጨርቅ ካለ እሳቸው ያወራሉ፣ ከሌለ ዝም ይላሉ፣ በቃ እኛም ጨርቅ አናጠፋም።

እንቆቅልህ ምን አውቅልህም እንጫወታለን፣ አገር ስጠኝ ላይ ሲደረስ ደሴን ሰጥተው ሀይቅን የሚከለክሉ አሉ። ተረትና ምሳሌ ደግሞ ከሁሉም ይቀላል፣ «ድር ቢያብር» ብለህ መተው ነው። ትናንት የልጁን ስም ያጣ ሰው «አንበሳ ያስር» ብሎ ሲጨርስ የፊቱን ሁኔታ ብታዩት። መንዙማ የሚያውቅ መንዙማ ያወርዳል፣ ዳዊት የሚደግሙ እማሆይም አሉን፣ አምባሰል ቅኝት በስልክ ስንከፍት ደግሞ ሁሉም አንድ ላይ እጁን ያጨበጭባል፣ ወሎ አይደለን።

አሁን ወደ ዋናው ብሶቴ ልግባ። ይሄን ሁሉ በአንዴ የሚያፈርሰው አንድ ነገር አለ፣ እሱም እንግዳ ነው። ዘመድ ለኢድ ወይ ለለቅሶ ይመጣል፣ ጫማውን እንኳን ሳያወልቅ አባየ ፊት ይገተርና «አወቁኝ? እስኪ እኔ ማነኝ? አላወቁኝም? ያሳደጉኝ እኮ ነኝ!» ይላል። አባየ ይጨነቃሉ፣ አይናቸው እኔን ይፈልጋል፣ «እንዴ አውቄሃለሁ እንጂ» ብለው በጨዋ ደንብ ያልፉታል፣ እሱ ግን አይለቃቸውም፣ «እሺ ስሜን ይጥሩት!» ይላል። ከዛ ወደ ጓዳ ገብቶ እሳቸው እየሰሙ «ውይ ጃጅተዋል» ብሎ ከንፈሩን ይመጣል። ተምሬአለሁ የሚለው ይብሳል፣ ትናንት ምን በሉ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማነው፣ ከመቶ ሰባት ሰባት ቀንሱ ይላል፣ ሀኪም ቢሆን እሺ፣ ሀኪም ለምርመራ አንድ ጊዜ ይጠይቃል፣ ይጽፋል፣ ይጨርሳል። ቤት ውስጥ በየቀኑ መፈተን ግን ልምምድ አይደለም፣ ማዋረድ ነው። ፈተናው በበዛ ቁጥር ሰውየው ከሰው ይሸሻል፣ ብቸኝነት ደግሞ ራሱ በሽታውን ከሚያባብሱት አንዱ ነው። ምን ይሻላል ካላችሁ ቀላል ነው፣ ስማችሁን ቀድማችሁ ተናገሩ። «አባየ እኔ የእህትዎ ልጅ ነኝ፣ ከደሴ መጣሁ፣ ድሮ በመኪናዎ ባቲ ወስደውኝ ነበር»። አለቀ። ካስታወሱ ደስ ይላቸዋል፣ ካላስታወሱም ማን እንደሆናችሁ አውቀዋል።

አንድ የጤና ተቋም ስወስዳቸው (የት እንደሆነ ይቅር) ያየን ባለሙያ ቀና ብሎ እንኳን ሳያይ «እድሜ ነው እናቴ፣ ወደ ቤት ይዘሻቸው ግቢ» አለኝ። እድሜ ነው ከተባለ በኋላ ማን ይመረምራል? በሌላ ጊዜ ሌላ ሀኪም ጋ ስንሄድ ነው እድሜ ያልሆኑ ብዙ ነገሮች መርሳት እንደሚያመጡ የተነገረኝ፣ እና ይሄን ሳታስመረምሩ በኳስና በቡና ብቻ እንዳትጀምሩ አደራ። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ማነስ፣ ድብርት፣ ጭንቅላት ተመትቶ ውስጥ የተጠራቀመ ደም፣ እነዚህ ታውቀው ከታከሙ ሊሻሻሉ የሚችሉ ናቸው። መድሃኒትም አለ፣ የእንቅልፍ ተብሎ እነ ዲያዜፓም፣ የአለርጂ ተብሎ ክሎርፌኒራሚን፣ አሚትሪፕቲሊንም እንደዛው፣ ሽማግሌ ላይ ግራ መጋባት ያመጣሉ፣ ከፋርማሲ እየገዛን በዘፈቀደ ባንሰጥ። ደግሞ ሰውየው ደህና ውሎ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ በድንገት ከተደነጋገረ እሱ መርሳት በሽታ ነው ብላችሁ እንዳትቀመጡ፣ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላልና በአስቸኳይ ሀኪም ቤት።

አይንና ጆሮም አይረሳ። ላንሴት የተባለው የህክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት ሊስተካከሉ የሚችሉ 14 አጋላጭ ነገሮችን ዘርዝሮ በአለም ካለው የመርሳት በሽታ 45 በመቶ ገደማው ከነሱ ጋ ይያያዛል ይላል፣ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ ብቸኝነት አሉበት፣ ያልታከመ የመስማት ችግርና የማየት ችግርም አሉበት። እኛ ቡድን ውስጥ «ምንም አይገባቸውም» የተባሉ ሰውዬ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሄደው የአይን ሞራቸው ሲነሳላቸው ግማሹ አለማወቃቸው አለማየት ሆኖ ተገኘ። ጆሮ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው አንድ ላይ ካወራ ጨዋታው ይበላሻል፣ ስለዚህ ተራ በተራ፣ ፊት ለፊት፣ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ።

ቤት ውስጥ እቃ ማዘዋወርም ይቅርብን። በ2014ቱ ጦርነት ከቤት ወጥተው ሰው ቤት የሰነበቱ ሽማግሌዎች ሲመለሱ ብሶባቸው ያየን ብዙ ነን፣ የለመዱት ግድግዳና ደጃፍ ብዙ ነገር ይይዝላቸው ነበርና። ልጆች ለአመት በዓል መጥተው «ቤቱን እናሳምርላችሁ» ብለው አልጋውን ከመስኮቱ ሲያነሱት ሽማግሌው ሌሊት ሽንት ቤቱን አጥቶ ይዞራል።

የማይሆነውንም ልናገር፣ አለዚያ እንደ ቲክቶክ ነጋዴዎቹ መሆኔ ነው። ይሄ ልምምድ አያድንም። አልዛይመርን የሚያድን ነገር እስካሁን የለም። ጥናቶቹም የሚሉት የማሰብ አቅም ላይ ትንሽ መሻሻል ያመጣል፣ ስሜትና ኑሮ ላይም ያግዛል፣ ካልተቀጠለበት ግን ጥቅሙ አብሮ ይከስማል ነው። አባየ እየባሰባቸው ነው የሚሄደው፣ አውቃለሁ። ግን «የማስታወስ ኃይል ይመልሳል» እያሉ በቴሌግራም በብዙ ሺ ብር የሚሸጡትን እንክብል ከምትገዙ በዛ ብር ቡናና ስኳር ግዙ። ጊንኮ የሚባለውን ቅጠል አሜሪካ ውስጥ ከ3000 በላይ ሽማግሌዎች ላይ ለአመታት ሞክረውት የመርሳት በሽታን አልከላከለም፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ነው የወጣው። ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል፣ እኛም ቤት አለ፣ የግፊት ኪኒናው ብቻ በሱ ምክንያት አይቋረጥ።

ስለ አስታማሚዎች አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ይቆጨኛል። ይሄ ሸክም የወደቀው ሴት ልጅና ምራት ላይ ነው፣ ወንድሞቻችን ብር ይልካሉ እንጂ ሌሊት የሚነሳ የለም። ስራዋን ያቆመች አውቃለሁ፣ አረብ አገር የሰው እናት ስታስታምም ኖራ አሁን የራሷን ለማስታመም የተመለሰች አውቃለሁ። ሽማግሌዎቹ ቡናው ላይ ሲሰበሰቡ እነዚህ ሴቶች ጥግ ይዘው ያወራሉ፣ አንዳንዷ እንቅልፏን ትተኛለች፣ ተዋት እንላለን።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለእድሮቻችን ነው። ድንኳኑም ወንበሩም ምንጣፉም አለን፣ ለቅሶ ከሌለ መጋዘን ውስጥ ነው የሚውለው፣ በሳምንት አንድ ጠዋት ለሚረሱ ሰዎቻችን ቢወጣ ምን ይጎድላል? የወሎ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎች ደሴ ቁጭ ብለዋል፣ ኮምቦልቻ ሩቅ አይደለም፣ እየመጡ ደም ግፊት ይለኩ፣ አይተው ወደ ሀኪም ይላኩ፣ እግረ መንገዳቸውን ከሽማግሌ ጋ ማውራት ይማሩ። ጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ ህጻንና እናት እንደሚጠይቁት «የሚረሳ ሰው አላችሁ?» ብለው ቢጠይቁ ደግሞ ከየጓዳው የሚወጣውን ሰው ታያላችሁ፣ ከሰው ተደብቀው የተቀመጡ አሉና።

እናንተን የምጠይቀው ቀላል ነው። መስከረም 11 የአለም የአልዛይመር ቀን ነው፣ በዛ ሰሞን አንድ ገጽ ስጡን። ግማሽ ግማሹን ተረትና ምሳሌ፣ እንቆቅልሽ፣ የድሮ የደሴ ፎቶ፣ የድሮ የመኪና መንገድ ካርታ ከነከተሞቹ አትሙበት፣ ልጅ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሽማግሌው ይጨርሳል። የአሰብን መስመር የከተሞቹን ቅደም ተከተል ከአባየ ጽፌ ልልክላችሁ እችላለሁ። ፊደሉን ብቻ ትልቅ አድርጉት፣ መነጽር የሌላቸው ብዙ ናቸው።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት አንባቢያችሁ፣ ከኮምቦልቻ